ገንዘብና ኑሮ፦ ዱባይ ሊያስተምር ለተነሣው መምህር

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነኝ። ዱባይ የሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት በወር 7,000 ድርሃም ሊቀጥረኝ የሁለት ዓመት ውል ልኮልኛል፤ ከዚህ ውስጥ 4,000ው መሠረታዊ ደመወዝ ሲሆን ቀሪው የቤትና የትራንስፖርት አበል ነው። ለመሰናዶ የእቁብ ዕጣዬን ቀድሜ ልውሰድ፣ ለእናቴና ለታናናሾቼም ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ልላክ ብዬ አስቤያለሁ። ቁጠባዬንስ በብር ልያዝ ወይስ በድርሃም?
መምህሩ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ለእናትዎ ማሰብዎ የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም «ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ» የሚለውን ቃል ገና ባይገቡላቸው እመርጣለሁ። ትምህርት የሚጀመረው በነሐሴ ማብቂያ ግድም ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ሙሉ ደመወዝ እጅዎ የሚገባው መስከረም ከተጋመሰ በኋላ ነው። በዱባይ ደግሞ ተከራይ ብዙ ጊዜ ኪራዩን በየወሩ አይከፍልም፤ የሦስት ወይም የስድስት ወር ክፍያ የተጻፈባቸውን፣ ቀናቸው ገና ያልደረሰ ቼኮች አስቀድሞ አስረክቦ፣ ማስያዣና የደላላ ኮሚሽን ጨምሮ ይገባል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ማደሪያ ይሰጥ እንደሆነ ወይም የቤት አበሉን በቅድሚያ ይከፍል እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሁለቱም ካልሆኑ የመጀመሪያዎቹን ወራት በደባልነት መኖር ይበጅዎታል። የቪዛና የቅጥር ወጪ በአገሪቱ ሕግ የአሠሪው ስለሆነ፣ «የቪዛ ክፈል» የሚልዎትን ሰው አይስሙት።

እቁቡን በተመለከተ፣ ዕጣን ቀድሞ መውሰድ ያው ብድር ነው። ቀሪውን የሚጥሉት ደመወዝ በሌለዎት ወራት ስለሚሆን፣ ከዕጣው ላይ የሦስት ወር መዋጮ ቆጥረው ለዋስዎ ሰጥተው ይሂዱ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ያ 4,000 ነው። በኤምሬትስ ሕግ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ብቻ ሲሆን፣ አንድ ዓመት ለሞላው ሠራተኛ እስከ አምስተኛው ዓመት ድረስ ለእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን ደመወዝ ይታሰብለታል። በዚህ ስሌት በሁለት ዓመት የሚያገኙት 5,600 ድርሃም ነው፤ 7,000ው በሙሉ መሠረታዊ ቢባል ኖሮ 9,800 ይሆን ነበር። እዚያ ከደመወዝ የገቢ ግብር አይቆረጥም፤ ነገር ግን እዚህ እንደለመዱት አሠሪው 11፣ እርስዎ 7 በመቶ የምታዋጡት ጡረታም አይኖርም። ስለዚህ ሳይፈርሙ መሠረታዊው ከፍ እንዲል ይደራደሩ፤ በክረምቱ ዕረፍት ደመወዝ ይከፈል እንደሆነም ያረጋግጡ። አሥራ ሁለቱም ወራት የማይከፈልበት ውል ከሆነ፣ የ7,000ው ትርጉም ይለወጣል።

ቁጠባዎን በድርሃም ይያዙ። ድርሃም ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.6725 ተመን ታስሯል። ብር ግን ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ሲተወው፣ ከ57 ግድም ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ በዶላር ከ100 አልፏል። ወደ ብር የሚለወጠው ቤተሰብ በወሩ የሚያስፈልገው ብቻ ይሁን፤ መጠኑንም ሦስተኛው ደመወዝ ከገባና ወጪዎን በዓይንዎ ካዩ በኋላ ይወስኑ። የጥቁር ገበያው ተመን ያጓጓል፤ ነገር ግን በዚያ መንገድ ገንዘብ የገባበት ሒሳብ ቢታገድ፣ ባንክ ቤት ደጅ የሚጠኑት እናትዎ ናቸው።