የሥልጠና ጨዋታ ከመግዛታችሁ በፊት የማቀዝቀዣው ቁልፍ ማን ጋር ነው?

ሲስተር፣ ጥያቄዎ እኔን ያቆሰለኝን ጉዳይ ስለነካ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። ሆስፒታላችሁ ለአዋላጅ ነርሶች በስልክ የሚሠራ የሥልጠና ጨዋታ ሊገዛ እንደሆነ፣ እርስዎ ግን «ሠራተኛው እንደ ቀልድ አይቶት ገንዘቡ ሜዳ ላይ ይቀራል» ብለው እንደሠጉ ጽፈዋል። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት ሥልጠናውንም አስተባብራለሁ። ጨዋታ ያስተምራል። እኔ ያየሁት ችግር ግን እርስዎ ከሠጉት ተቃራኒው ነው፤ ሠራተኛው አልቀለደበትም፣ ለነጥብ ሲል ከልክ በላይ ቁም ነገር አደረገው እንጂ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእኛም እንዲህ ያለ ጨዋታ ተሰጥቶን ነበር። ስክሪኑ ላይ አንዲት እናት ትመጣለች፣ ደም ይፈሳታል፣ ከአራት አማራጮች አንዱን በፍጥነት መንካት ነው፤ ነጥብ ይቆጠራል። የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይል ነበር፤ የሌሊት ተረኞች ሻይ እየጠጡ ይፎካከራሉ። ከዚያ አንድ ኃላፊ ውጤቱን በየወሩ አትሞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ጀመረ። በሥራ አፈጻጸም ምዘና ውስጥም ሊገባ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። በሁለተኛው ወር አንደኛ የወጣችው ስልኳን ከመደወል ውጪ ለምንም የማትጠቀም ባልደረባችን ነበረች። ስንጠይቃት ሳቀች፤ ለካስ የሚጫወትላት የስምንተኛ ክፍል ልጇ ነው። ልጁ ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ ስለሚሰጠው መድኃኒት፣ ስለ ኦክሲቶሲን፣ አንድም ነገር አያውቅም፤ ትክክለኛው መልስ የትኛው ጥግ ላይ እንደሚመጣ ግን በቃሉ ይዞታል። ሰሌዳው ከተነሳ በኋላ እንኳ ያ ጨዋታ ነፍስ አልዘራም።

ስለዚህ ከሶፍትዌሩ በፊት የግለሰብ ነጥብ ለአለቃ እንደማይደርስ አስተዳደሩን በጽሑፍ ያስፈርሙ። ሰው ሳይፈራ ሊሳሳትበት ካልቻለ ስሙን ፈተና ብሎ መጥራቱ ይሻላል።

እኔ ራሴ ያመንሁት በስልክ ሳይሆን በአሻንጉሊት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2010 ያስጀመረው «ሄልፒንግ ቤቢስ ብሪዝ» የተባለው ሥልጠና ኒዮናታሊ በምትባል የማሠልጠኛ አሻንጉሊት ይሰጣል። ለብ ያለ ውኃ ስትሞላ የአራስ ክብደት አላት። አሠልጣኙ በእጁ የያዛቸውን ትንንሽ የጎማ ኳሶች ሲጨምቅ ደረቷ ይነሳል፣ እትብቷም ይመታል፤ ካልጨመቀ ዝም ትላለች። ሕጉ አንድ ነው፦ ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወይ በራሱ ይተነፍሳል፣ ወይ በአምቡ ባግ፣ ማለትም ጭምብል ባለው በእጅ በሚጨመቅ የአየር መስጫ ከረጢት፣ አየር ይሰጠዋል። ያቺን ደቂቃ «ወርቃማዋ ደቂቃ» ይሏታል። እኔ ሥልጠናውን ስወስድ በሥራው ላይ ዓመታት ስለቆየሁ በልበ ሙሉነት ቀረብሁ። ጭምብሉ በአገጩ በኩል አየር ያስወጣ ነበር፤ አላስተዋልሁም። አሠልጣኟ አልነገረችኝም፤ ኳሱንም አልጨመቀችም። ደቂቃዋ አለቀች። ሃያ ሰው ፊት ያቺ የጎማ ልጅ ሳትተነፍስ እጄ ላይ ቀረች። ከዚያን ቀን ወዲህ ጭምብል ሳስቀምጥ ጣቴ ሳላዘው አገጩን ይፈልጋል።

ሆኖም አንድ ቀን ሠልጥኖ መመለስ አይበቃም። በታንዛኒያ የሃይዶም ሆስፒታል ታሪክ ለእርስዎ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ይመስለኛል። እዚያ የአንድ ቀን ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ ሠራተኞቹ በአሻንጉሊቷ ላይ በግልጽ ተሻሻሉ፤ በእውነተኞቹ አራሶች ላይ ግን አሠራራቸው አልተለወጠም። ቆይቶ ሥልጠናውን ወደ ማዋለጃ ክፍሉ አምጥተው በየሳምንቱ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ብቻ ማለማመድ ሲጀምሩ፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚሞቱት አራሶች ከ1,000 ከ11.1 ወደ 7.2 ወረዱ። ልምምዱ ብቻውን ነው ያመጣው ብዬ አልምልም፤ ንጽጽሩ በፊትና በኋላ የተደረገ ነውና። ቢሆንም በአበል ሦስት ቀን ሆቴል ውስጥ ፕሮጀክተር ሲያዩ ከመዋል ይኼ አምስት ደቂቃ እንደሚበልጥ አልጠራጠርም። (ሆቴሉን የሚወዱ ባልደረቦቼ ይቅር ይበሉኝ፤ ምሳውን እኔም እወደው ነበር።)

እኛም ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ በማታ ርክክብ ሰዓት እንለማመዳለን። ሁለቱ ፈረቃዎች አብረው ስለሚገኙ ሰዓቱ ይመቻል። አንዷ ባልደረባችን ማማናታሊ የምትባለውን መሣሪያ ሆዷ ላይ ታጥቃ እናት ትሆናለች፤ ቀይ የተቀባ ውኃ ከሥር ይፈሳል። በሦስተኛው ሐሙስ «ደም እየፈሰሰኝ ነው!» ስትል አንደኛው ማሕፀኗን ማሸት ጀመረ፣ ሌላዋ ኦክሲቶሲን ልታመጣ ሮጠች፤ ባዶ እጇን ተመለሰች። መድኃኒቱ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ተቆልፏል። ቁልፉ በቀን አስተባባሪዋ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ከእርሷ ጋር ታክሲ ተሳፍሮ ሄዷል! ለስንት ወር እንዲህ ሲሆን እንደኖረ ማንም ደፍሮ አልጠየቀም፤ ሁላችንም መሬት መሬት አየን። በማግስቱ ቁልፉ ተረኛዋ ጠረጴዛ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቀለ። ሁላችንም የኦክሲቶሲንን መጠን ብንጠየቅ 10 ዩኒት ብለን በትክክል እንመልስ ነበር። ያ በስልክ የመጣው ጨዋታም ቢሆን መድኃኒቱ በአንድ ንክኪ የሚገኝበት ዓለም ነበር።

ጥፋታችንንም ልንገርዎ። አንድ ቀን መጋረጃ ሳንዘጋ ልምምድ ጀመርን፤ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ አንዲት እናት እጃችን ላይ የማይንቀሳቀሰውን አሻንጉሊት አይተው ሕፃን የሞተ መስሏቸው እሪ አሉ። ሌሎች ጠያቂዎችም ተከተሉ። ይቅርታ ጠይቀን፣ አሻንጉሊቷን አስይዘናቸው ነው የተረጋጉት። አሁን መጀመሪያ ለታካሚዎችና ለቤተሰብ እንናገራለን፣ ከዚያ መጋረጃ እንዘጋለን። የልምምድ አምቡ ባግም ለብቻው ምልክት ተደርጎበት ይቀመጥ፤ ከእውነተኛው ጋር መቀላቀል የለበትም።

ከልምምዱ ቀጥሎ ያለውን ውይይት ደግሞ እንዳያሳጥሩት። በአማርኛችን «ጨዋታ» ወግም ጭምር ነው፤ እንግዳ «ተጫወት እንጂ» ሲባል ኳስ ፍለጋ አይነሳም። ሦስት ደቂቃ ከተለማመድን ቢያንስ አምስት ደቂቃ እናወራለን፤ መጀመሪያ የሚናገረው ልምምዱን የሠራው ሰው ነው። «ለምን ዘገየህ?» ብለው ከጀመሩ ሰውየው ጠበቃ ይሆናል። «ያን ጊዜ ምን ይታይህ ነበር?» ሲሉት ግን፣ ለምሳሌ፣ ሰዓቱ ከአልጋው ጀርባ ተሰቅሎ እንደማይታይ ይነግርዎታል። እኛ ሰዓቱን ያዛወርነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስልኩን ፈጽሞ ተዉት ማለቴ አይደለም። የዴንማርኩ ማተርኒቲ ፋውንዴሽን ያዘጋጀው «ሴፍ ዴሊቨሪ» መተግበሪያ በምዕራብ ኢትዮጵያ በ73 የጤና ተቋማት ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። የአዋላጆቹ ዕውቀትና ክህሎት በግልጽ ጨምሯል። በወሊድ አካባቢ የሚሞቱት ሕፃናት መተግበሪያውን ባገኙት ተቋማት ከ1,000 14፣ ባላገኙት 23 ነበሩ፤ ልዩነቱ ግን በአጋጣሚ የመጣ አይደለም ለማለት በስታቲስቲክስ አልበቃም። መተግበሪያው ነፃ ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ሞክሩት። ሻጩ ደግሞ «ቀድሞ በሳምንት ከሦስት ሰዓት በላይ ቪዲዮ ጌም ይጫወቱ የነበሩ ቀዶ ሐኪሞች ስሕተታቸው 37 በመቶ ያነሰ ነው» የሚለውን እ.ኤ.አ. የ2007 የአሜሪካ ጥናት ካነሳባችሁ፣ የተጠኑት 33 ሐኪሞች እንደሆኑና የትኛው ምክንያት የትኛው ውጤት እንደሆነ እንደማይለይ ያስታውሱት፤ እጃቸው ቀልጣፋ የሆኑት ጨዋታ ወድደው ይሆናል። የሚሸጥላችሁንም ነገር በክፍሉ ውስጥ ባለው ያረጀ ስልክ፣ ኢንተርኔት ተዘግቶ፣ በሌሊት ተረኛ እጅ ሞክሩት። እዚያ ካልሠራ በስብሰባ አዳራሽ ቢያምር ዋጋ የለውም።

በጀቱ ካልተፈቀደም እኔ ከካርቶን የቆረጥኋቸው አሥራ ሁለት ካርዶች አሉ። ልምምዱ መሐል ላይ አንዱ ይገለጣል፦ «ሐኪሙ ስልክ አያነሳም»፣ «ሁለተኛ እናት ገባች»፣ «አምቡላንሱ መንገድ ላይ ነው»፣ «መብራት ጠፋ»። ባልደረቦቼ ሁለተኛዋን እናት ከሁሉም በላይ ይጠሏታል። ዝርዝሩን ከፈለጉ በዚሁ እጽፍልዎታለሁ። «መብራት ጠፋ» የሚለውን ካርድ ግን በቀን እንዳትገልጡት፤ እኛ ሞክረነው ሁሉም በመስኮቱ ብርሃን ሠርቶ አለፈ፣ የእጅ ባትሪው ድንጋይ እንደሌለው ያወቅነው በሌሊት ስንደግመው ነው።