አቧራው ኮከብ ሲመስል፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በጅራታም ኮከቦችና በአስትሮይዶች (ፀሐይን በሚዞሩ ትናንሽ ዓለታማ አካላት) ዙሪያ ስላለው አቧራ በርካታ ጥያቄ ልካችሁልኛል። የተወሰኑትን ዛሬ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጅራታም ኮከብን የምትዞር መንኮራኩር በአቧራው አትበሳሳም?

ነገሩን የሚወስነው ፍጥነት ነው። በ1986 የአውሮፓዋ መንኮራኩር ጆቶ በሃሌይ ጅራታም ኮከብ አጠገብ በሰከንድ 68 ኪሎ ሜትር እየበረረች አለፈች። በዚህ ፍጥነት የአቧራ ቅንጣት ጥይትን ያስንቃል። አንዷ መትታ አናወጠቻት፤ ግንኙነቷ ለግማሽ ሰዓት ያህል ተቆራረጠ፤ ካሜራዋም ከዚያ ወዲህ አልሠራም። ሌላዋ የአውሮፓ መንኮራኩር ሮዜታ ግን ከ2014 ጀምሮ 67ፒ ከተባለው ጅራታም ኮከብ ጋር አብራ ነው የተጓዘችው። እዚያ ብዙው አቧራ የሚነሳው በሰከንድ በጥቂት ሜትሮች ፍጥነት ስለሆነ ብረት አይበሳም።

ታዲያ ሮዜታን ምን አስቸገራት?

አቧራው አሳሳታት። መንኮራኩር ወዴት እንደዞረች የምታውቀው በልዩ ካሜራ ከዋክብትን እያየች፣ በውስጧ ካለው ካርታ ጋር እያመሳከረች ነው። ፀሐይ ያረፈችበት አቧራ ደግሞ ለካሜራው ኮከብ ይመስለዋል። ማርች 28 ቀን 2015 ሮዜታ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ስትጠጋ እውነተኞቹን ከዋክብት መለየት አቃታት። አንቴናዋ ከምድር አቅጣጫ ዘወር አለ። እሷም ዋና ዋና ሥራዎቿን አቁማ ሴፍ ሞድ (ራስን የመጠበቂያ ሁኔታ) ውስጥ ገባች።

ከዚያ በኋላ ኢንጂነሮቹ አራቋት። ኦገስት 2015 ጅራታም ኮከቡ ለፀሐይ በጣም ሲቀርብና አቧራና ጋዙ ሲበረታ፣ ሮዜታ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ነበር። ሳይንቲስቶቹ በቅርብ ሊያዩት የጓጉት ያንኑ ጊዜ ነበርና ይህ ያሳዝነኛል። ውሳኔው ግን ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ማስረጃዬ ሜይ 2016 ነው፦ ኮከቡ ከፀሐይ ርቆ ከተረጋጋ በኋላ እንኳ በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት እንደገና ተሳስታ፣ ለአንድ ቀን ያህል ድምፅዋ ጠፋ።

መንኮራኩሯን ከምህዋሯ የሚገፋትስ አቧራው ነው?

በዋናነት ጋዙ ነው። የሮዜታ የሶላር ክንፎች ከጫፍ እስከ ጫፍ 32 ሜትር ነበሩ። የኮከቡ ስበት በጣም ደካማ ስለሆነ በእንዲህ ያለ ሰፊ ክንፍ ላይ ትንሽ ግፊትም መንገድ ያስታል።

አስትሮይድ ላይም አቧራ አለ?

አለ። የአሜሪካዋ መንኮራኩር ኦሳይረስ-ሬክስ ቤኑ የተባለውን አስትሮይድ መዞር በጀመረች በሳምንቱ፣ ጃንዋሪ 2019፣ ካሜራዋ ብዙ የብርሃን ነጠብጣቦች አሳየ። ካርል ኸርገንሮዘር የተባለው ሳይንቲስት መጀመሪያ የኮከብ ስብስብ መስሎት ነበር። ቤኑ የሚወረውራቸው ጠጠሮች ሆነው ተገኙ! ቡድኑ አደጋውን መዝኖ፣ መንኮራኩሯ እዚያው እንድትቆይ ወሰነ።

የጃፓኗ መንኮራኩር ሃያቡሳ 2 በዚያው ዓመት ሪዩጉ የተባለውን አስትሮይድ ስትነካ የተነሳው አቧራ የታችኛውን ካሜራዋን ሌንስ አደበዘዘው። ሁለተኛውን ንክኪ ሲያቅዱ ይህን ማስላት ነበረባቸው፤ በጁላይ ተሳካላቸው።