«ለእኔ ሠርቶልኛል» ይበቃል ወይ? ስለ ሕክምና ማስረጃ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐኪም ይህን መድኃኒት ውሰድ፣ ያን ተው የሚለው በምን ማስረጃ ነው በሚለው ላይ ጥያቄ ላኩ ብዬ ነበር። ላካችሁ፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ብዙዎቻችሁ «ዶክተር» ብላችሁኛል። ሆስፒታል የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ፣ ማዕረጉን ለባለቤቶቹ እንተውላቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምና» ሲባል ይገርመኛል። ድሮስ በግምት ነበር እንዴ የሚታከመው?

በግምት ሳይሆን በሚያሳምን ምክንያት ነበር። ጣጣው ያለው እዚያ ላይ ነው። ሃርት አታክ ይዞት የተረፈ ሰው የልብ ምቱ ከተዛባ በድንገት የመሞት አደጋው ከፍ ይላል። ስለዚህ በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ምቱን የሚያስተካክል መድኃኒት ይታዘዝ ነበር። ማን ይቃወማል? በማሽን ሲታይም ምቱ ተስተካክሏል።

ከዚያ ካስት የተባለ ጥናት ሕመምተኞቹን በዕጣ ለሁለት ከፈላቸው። ለገሚሱ ምት አስተካካዮቹ ኤንካይናይድ ወይም ፍሌካይናይድ፣ ለገሚሱ ምንም መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጠ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63 ሞቱ። ባዶውን ክኒን ከወሰዱት 743 ሰዎች የሞቱት 26 ናቸው። ሁለቱን መድኃኒቶች መስጠት በ1989 ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። ያለዚያ ዕጣ ግን እያንዳንዱ ሐኪም የተረፉትን ብቻ እያየ «መድኃኒቱ ሠራ» ማለቱን ይቀጥል ነበር።

ነርስ ነኝ። ትኩሳት ያለበትና እጅ እግሩ የቀዘቀዘ ሕፃን ሲመጣ ፈሳሽ ቶሎ ይሰጥ አይሰጥ እያልን እንከራከራለን። ቤተሰቡም «ግሉኮስ አድርጉለት» እያለ ይጨቀጭቀናል።

እህቴ፣ ለዚህ መልሱ የመጣው ከጎረቤቶቻችን ነው። ፊስት የሚባለው ጥናት በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች ተሠርቶ በ2011 ታተመ። ከ3,100 በላይ ሕፃናት ገቡበት፤ ከባድ ትኩሳት ያለባቸውና የደም ዝውውራቸው የተዳከመ ናቸው። አንዳንዶቹ ሳላይን (የጨው ውሃ) ወይም አልቡሚን (ከደም የሚገኝ ፕሮቲን ያለበት ፈሳሽ) በደም ሥር በፍጥነት ተሰጣቸው። ሌሎቹ በዝግታ የሚሰጠውን የተለመደ ፈሳሽ ብቻ አገኙ። በ48 ሰዓት ውስጥ በፍጥነት ከተሰጣቸው ከ100 ልጆች ከ10 በላይ ሲሞቱ፣ ከሌሎቹ የሞቱት 7 ገደማ ናቸው።

መመሪያዎቹ «ፈሳሽ ቶሎ ስጡ» ይሉ ስለነበር ውጤቱ ብዙ ሰው አስደነገጠ። አንዳንዱ «ፈሳሹ ሳንባቸውን ሞልቶት ነው» አለ። በኋላ ጠለቅ ተብሎ ሲታይ ግን ልዩነቱን በዋናነት ያመጣው የደም ዝውውር መውደቅ ነበር። የሚያሳምነው ማብራሪያ እዚህም አልሠራም።

አደራ ግን፣ ይህ በተቅማጥ ሰውነቱ የደረቀውን ልጅ አይመለከትም። እነዚያና ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸው ልጆች መጀመሪያውኑ ከጥናቱ ውጭ ነበሩ። «ፈሳሽ ይገድላል» ብሎ የሚያወራ ሰው ካጋጠመሽ ጥናቱን እስከ መጨረሻው አላነበበውም።

በዓመት ሦስት ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተገኘብኝ። በየጊዜው አንቲባዮቲክ እወስዳለሁ፣ ይሻለኛል፣ ይመለሳል። ምን ይሻለኛል?

ይህን ጥያቄ የላከው ሰው ብዛት! መጀመሪያ፣ ሁለቱ በሽታዎች ዘመድ አይደሉም። ታይፎይድ በተበከለ ምግብና ውሃ ይመጣል፣ የምናውቀው ወረርሽኙ ታይፈስ ደግሞ በቅማል። አንድ ላይ የምንጠራቸው የላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን ስለሚጻፉ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ምርመራው። ብዙ ቦታ የሚሠራው ዊዳል ይባላል። ጀርሙን ራሱን አይፈልግም፤ ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው የሚፈልገው። ታይፎይድ በብዛት ባለበት አገር የሚኖር ሰው ዛሬ ባይታመምም ያ አንቲቦዲ ደሙ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሌላ ኢንፌክሽንም ምርመራውን ሊያሳስተው ይችላል።

ለማስረዳት ያህል ቁጥር እንገምት። ትኩሳት ያለባቸው 100 ሰዎች ክሊኒክ መጡ እንበል። በእውነት ታይፎይድ ያለባቸው 5 ናቸው። ምርመራው ከ5ቱ 4ቱን አገኘ። ከቀሩት 95 ውስጥ ግን 20ዎቹን በስህተት «ፖዘቲቭ» አላቸው። አሁን ፖዘቲቭ የሚል ወረቀት የያዙ 24 ሰዎች አሉን፤ እውነተኛው ሕመም ያለባቸው 4 ብቻ። ሃያው ሰው መድኃኒቱን ይወስዳል፤ የያዘው ቫይረስ ከሆነም በራሱ ጊዜ ይለቀዋል፤ «መድኃኒቱ አዳነኝ» ይላል። በሚቀጥለው ትኩሳት ተመልሶ ይመጣል። በታይፈስ በኩል የሚሠራው ዌል ፊሊክስም ከዚህ የተሻለ አይደለም።

የተሻለው ምርመራ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት የሚወሰድ የደም ካልቸር ነው፤ ደሙ ውስጥ ያለውን ጀርም ራሱን አሳድጎ ያያል። እሱም ቢሆን ሁሉንም አይዝም፣ ቀናት ይፈጃል፣ በየቦታውም የለም። ስለዚህ ሐኪሙ በጠና የታመመ ሰው ላይ ውጤት ሳይጠብቅ ሊጀምር ይችላል፤ ትክክልም ነው። አንተ ግን በዓመት ሦስት ጊዜ ከሆነ ወባ፣ ቲቢና ሌላም የትኩሳት ምክንያት በደንብ እንዲታይልህ ጠይቅ። የጀመርከውን መድኃኒት ግን ይህን አንብበህ እንዳታቋርጥ።

ከሜሪላንድ፦ ልጄ ሲያስለው እዚህ ያለው ሐኪም «ውሃ ይጠጣ፣ ይረፍ» ብሎ ሸኘን። አገር ቤት ቢሆን አሞክሳሲሊን ይሰጡት ነበር። ናቁን እንዴ?

አልናቋችሁም። ተራ ጉንፋን የቫይረስ ነው፣ አሞክሳሲሊን ቫይረስ አይነካም። ትርፉ ተቅማጥና መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ነው። ልጁ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ትኩሳቱ አልለቅ ካለ ግን ቶሎ መልሰሽ ውሰጂው።

ኢንተርን ነኝ። ፈረንጅ ላይ የተሠራ ጥናት ለእኛ ሰው ይሆናል?

አንዳንዴ አዎ፣ አንዳንዴ ጉድ ይሠራል። ጊዜዋ ሳይደርስ ምጥ ለያዛት እናት ስቴሮይድ መርፌ መስጠት የሕፃኑን ሳንባ እንደሚረዳ በ1972 ከኒውዚላንድ ተዘገበ። ሀብታሞቹ አገሮች ውስጥ የተለመደ ሕክምና ሆነ። ከዚያ ኬንያና ዛምቢያን ጨምሮ በስድስት አገሮች እስከ ጤና ጣቢያና መንደር ወርዶ ሲሞከር፣ በ2015 የወጣው ውጤት ተቃራኒ ሆነ። ትንንሾቹን ሕፃናት አልጠቀመም፣ በጠቅላላው የአራስ ሞት ጨመረ። እናቶቻቸው መርፌውን ካገኙት ሕፃናት ብዙዎቹ ጊዜያቸውን ጠብቀው የተወለዱ ነበሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገና ሞከረው። በዚህኛው እርግዝናው በአልትራሳውንድ ተለካ፤ ቦታውም ለአራስ እንክብካቤ የሚሰጡ ሆስፒታሎች ነበር፣ ኬንያና ናይጄሪያም አሉበት። በ2020 እንደወጣው የአራስ ሞት ከ23.5 ወደ 19.6 በመቶ ወረደ። መርፌው ያው ነው፣ የተለወጠው ዙሪያው ነው። ስለዚህ ጥናት ስታነብ የሕመምተኞቹን ዘር ከማየትህ በፊት ሆስፒታሉ ምን እንዳለው እይ።

የባህል መድኃኒትን ለምን ትንቃላችሁ?

ማን ናቀ? ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት እነዚያ ናቸው። እንዶድ ይገድላቸዋል ብሎ ብቻ አልተወውም፤ ላብራቶሪ አስገብቶ፣ መጠኑን ለክቶ፣ ወንዝ ላይ ሞክሮ አሳየ። ዛሬ ለከባድ ወባ የምንሰጠው አርቴሱኔትም መነሻው የቻይና የባህል ቅጠል ነው። ቅጠሉ ከየት መጣ ብዬ አልጣላም። ምን ያህል ይወሰድ፣ ጉበትና ኩላሊት ምን ይሆናል፣ ያልወሰዱትስ ምን ሆኑ ብዬ ነው የምጠይቀው። የምትጠጡትን ለሐኪማችሁ አትደብቁ።

ሐኪሜ ሳይቀየመኝ ምን ብዬ ልጠይቀው?

«ባልወስደውስ ምን እሆናለሁ?» በሉት። ቀጥሎ «እንደኔ ካሉ 100 ሰዎች ስንቱን ይጠቅማል?» ቁጥሩን በቃሉ ባያውቀው ችግር የለውም፣ ጥሩ ሐኪም አይቶ ይነግራችኋል። ለእናንተ ትልቁ ነገር ምን እንደሆነም ንገሩት፤ መሥራት መቻል ይሁን፣ ወጪው ይሁን፣ ጾሙ ይሁን። ማስረጃው ብቻውን አይወስንም፤ የሐኪሙ ልምድና የእናንተ ፍላጎትም ይገባበታል። የምትወስዱትን ክኒን ሁሉ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ። የስኳርና የደም ግፊት ጥያቄዎች ብዙ ስለሆኑ ለብቻቸው እመለስባቸዋለሁ።