መልስ፦ ግርግሙ እስካሁን ለምን አልተነሳም?

እህቴ፣ «ዲሴምበር 25 ካለፈ ስንት ቀኑ፣ ካቶሊክ ቁምስና (አጥቢያ ቤተክርስቲያን) ውስጥ ግርግሙ፣ ያ የጌታን ልደት የሚያሳየው የምስሎች ስብስብ፣ ለምን አይነሳም? ረስተውት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ኧረ አልረሱትም!

አብዛኞቹ ካቶሊኮች በሚከተሉት በላቲን ሥርዓት ዲሴምበር 25 የልደት ወቅት መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ 8 ቀናት እንደ አንድ ትልቅ በዓል ይቆጠራሉ። ስምንተኛው ቀን ጃንዋሪ 1፣ የእመቤታችን የወላዲተ አምላክ በዓል ነው።

ከዚያ ኤጲፋንያ ይመጣል። ብዙ ሰው ግር የሚለው እዚህ ጋ ነው። እኛ ኤጲፋንያ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ጥምቀት ነው። በላቲኑ ግን ቀኑ በዋናነት የሰብአ ሰገል ነው። ጃንዋሪ 6 ይውላል፤ በአንዳንድ አገሮች ደግሞ ከጃንዋሪ 2 እስከ 8 ባለው እሁድ ይከበራል። የጌታ ጥምቀት ለብቻው፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀጣዩ እሁድ ይከተላል። ወቅቱ የሚዘጋው ያኔ ነው።

እስቲ ግርግሙን ጠጋ ብለሽ እዪው። በአንዳንድ ቁምስናዎች ሰብአ ሰገልን መጀመሪያ ራቅ አድርገው ያቆሟቸዋል። ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያስጠጓቸዋል። ሕፃናት «ግመሉ ትናንት ዓምዱ ጋ ነበር!» እያሉ ሲከራከሩ መስማት ለእኔ ከመብራቱ ሁሉ ይበልጣል።

በዚሁ በኤጲፋንያ ሰሞን በር ላይ በጠመኔ የተጻፉትን ሦስት የላቲን ፊደላት ካየሽም «ክርስቶስ ይህን ቤት ይባርክ» የሚለው የላቲን ሐረግ መነሻዎች ናቸው። ዓመቱ ግማሹ ከፊት፣ ግማሹ ከኋላ ይጻፋል። ቆሻሻ መስሎሽ እንዳትጠርጊው!