በዊንተር አናኮስቲያ ላይ ካያክ? ይቻላል፣ ግን...

ወንድሜ፣ «በጃንዋሪ ዋሽንግተን ዲሲ ያለው አናኮስቲያ ወንዝ ላይ በካያክ (በጠባቧ የቀዘፋ ጀልባ) ወፍ ማየት ይቻላል ወይ፣ ስንት ሰዓትስ ልውጣ?» ላልከው፣ ይቻላል። እኔ አምስተኛ ዓመቴ ነው። እንዲያውም ከሰመሩ ይሻላል፤ ቅጠሉ ስለረገፈ ወፉ አይደበቅብህም፣ ሰውም የለም።

ሰዓቱን ግን ውሃውን አይተህ ምረጥ። ወንዙ ጨው የለውም፣ ከውቅያኖስም ሩቅ ነው፣ የሚታዘዘው ግን ለባህር ነው። በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ ልዩነቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚገፋ ባለፈው ቅዳሜ የተመቸህ ሰዓት በዚህኛው ቅዳሜ ጉድ ይሠራሃል። ጣና ዳር ላደገ ሰው ይሄ ቶሎ አይዋጥም።

እኔ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከወንዙ ላይኛው በኩል ካለው ከብላደንስበርግ ተነሥቼ ዝቅ ብሎ ያለው ኬኒልወርዝ ረግረግ ውስጥ ገባሁ። የታይዱን፣ ማለት የሙላትና የጉድለቱን፣ ሠንጠረዥ አይቻለሁ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከሰሜን ምዕራብ ሲነፍስ የከረመውን ንፋስ ግን ከቁብ አልቆጠርኩትም። ለካ ያ ንፋስ ውሃውን እየገፋ ይወስደዋል፣ ሠንጠረዡ ካለው በታች ያወርደዋል። ዞር ስል ካያኬ ጭቃ ላይ ቁጭ ብሏል። መቅዘፊያዬን ብሰካው እስከ ግማሹ ሰመጠ። ልውረድ ያልኩትን ተውኩት፣ ሁለት ሰዓት እዚያው ተጎለትኩ።

እውነቱን ልንገርህ፣ እንደዚያን ቀን ወፍ አይቼ አላውቅም። ግሬት ብሉ ሄሮን የሚሏት ግራጫ እግረ ረጅም መጥታ ሦስት ሜትር ላይ ቆመች። እግሯን ከማጡ ስታወጣ ጣቶቿን እጥፍ ታደርጋለች፣ ስታሳርፍ ዘርጋ፤ ኮሽታ የላትም። ከወዲያ ደግሞ ሁድድ መርጋንሰር የሚባሉ ዳክዬዎች ይጠልቃሉ፣ ወንዱ ነጩን ጉትያውን እንደ ማራገቢያ ከፈት ዘጋ ያደርጋል።

ስለዚህ ውሃው ጎድሎ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ሲቀረው ከብላደንስበርግ ውረድ፣ ጉድለቱ ራሱ ይወስድሃል። ረግረጉ ውስጥ መሙላት ሳይጀምር እንዳትገባ። ስትመለስ ሙላቱ ይገፋሃል። ዳክዬዎቹ መብላት ትተው ቀና ካሉ እዚያው ቁም፤ በዚያ ብርድ በከንቱ አታስነሣቸው።

ላይፍ ጃኬት የግድ ነው። ድራይ ሱት (ውሃ የማያስገባው ሙሉ ልብስ) ውድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ከሌለህ ግን ባትወጣ ይሻላል። ውሃው መጀመሪያ ትንፋሽህን ነው የሚነጥቅህ፣ ከዚያ በደቂቃዎች ውስጥ ጣትህ አልታዘዝ ይላል። ሱቱ እስኪገኝ በኬኒልወርዝ የእንጨት መሄጃ ላይ ሆነህም ብዙ ታያለህ።

የሚያከራዩት በብርዱ ይዘጋሉ። ካያክ ከሌለህ ጻፍልኝ፣ ሁለተኛ አለኝ፤ ጭቃው ግን ገና አልለቀቀውም።