ወይራ ቶርኖ ላይ፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሰኝ ጥያቄ ሁሉ ወይራን ቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረ በመሮ የሚያስቀርጽ ማሽን) ላይ ስለመሥራት ነው ማለት ይቻላል። ጥድ የለመደ እጅ ወይራ ሲነካ መደንገጡ አይቀርም።

«ጋሼ፣ መሮዬን ስዬ ሁለት ጊዜ ሳስኬደው ይደንዛል። ጥፋቱ የመሮው ነው የእንጨቱ?» ከደብረ ብርሃን

እኔ የምጠረጥረው ሞላህን፣ የምትስልበትን የሚሽከረከር ድንጋይ ነው። ስትስል ጫፉ ሰማያዊ ሆኖ ነበር? መሮህ ተራ የካርቦን ብረት ከሆነ ሰማያዊው ቦታ ጥንካሬው አልቋል፤ ያንን ክፍል ሞርደህ እስክትጨርሰው ድረስ የፈለግከውን ያህል ብትስለው አይረባህም። ቶሎ ቶሎ ውሃ እየነከርክ ሳል። ሃይ ስፒድ ስቲል የሚባለው ግን ሙቀት ስለሚችል እሱን እንደጋለ ውሃ ውስጥ አትክተት፤ ጫፉ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሌላው አያያዝህ ነው። ስለቱን ቀጥታ አትሰካው። መጀመሪያ የስለቱን ተዳፋት (ከጫፉ ኋላ ያለውን ዘቅዛቃ የተሳለ ፊት) እንጨቱ ላይ አሳርፈህ፣ እየተሻሸ እያለ እጀታውን ቀስ ብለህ ከፍ ስታደርገው መቁረጥ ሲጀምር እጅህ ላይ ይሰማሃል። ፍቅፋቂው ቀርቶ ዱቄት ብቻ መውጣት ከጀመረ ደንዟል፤ አቁምና ሳል። እኔ ደረቅ ወይራ ስሠራ ከቶርኖው ይልቅ ሞላው ጋ የምቆም ነው የሚመስለኝ፣ ሰልችቶኝ የገፋሁ ቀን ደግሞ መሮው ነክሶ ሥራዬን አሽቀንጥሮታል።

«በስንት ዙር ላሽከርክረው?» ከሸዋ ሮቢት

ውፍረቱን በሳንቲም ለካና 15,000ን ለእሱ አካፍለው። 10 ሳንቲም ከሆነ በደቂቃ 1,500 ዙር፣ 25 ሳንቲም ከሆነ 600። ገና ያልተስተካከለ ጉማጅ ከሆነ ከዚያም ዝቅ አድርግ። እንዳይጠመጠምብህ ጓንትና ጋቢ አውልቅ፤ ብርዱን ቻለው።

«ከእርጥብ ወይራ የሠራሁት ሙቀጫ በሳምንቱ ተሰነጠቀ።» ከአንኮበር

እርጥቡን ከየት አመጣኸው ብዬ አልጠይቅህም፣ የወፍ ዋሻ ደን ግን የእንጨት መሸጫ አይደለም። ግንዱን ከነልቡ ነው የሠራኸው አይደል? ልቡ መሃል ላይ ካለ መሰንጠቁ አይቀርም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ለሁለት ሰንጥቀህ ልቡን አውጣው። ከዚያ በደንብ ወፍራም አድርገህ ቅረጸው፣ 20 ሳንቲም ለሚሰፋ ዕቃ ግድግዳው ቢያንስ 2 ሳንቲም ይሁን። የተቆረጠውን ጫፍ ሰም ቀብተህ በራሱ ፍቅፋቂ ውስጥ ቅበረውና ወራት ስጠው። ሲደርቅ ይጣመማል፤ ያኔ መልሰህ አስተካክለህ ትጨርሰዋለህ። የበጋው ንፋስ ላይ ካሰጣኸው ግን ስንጥቁን ራስህ ጠራኸው።

«የአያቴ አሮጌ ድግር አለ፤ እጀታ ይወጣዋል?» ከመሐል ሜዳ

ይወጣዋል፣ ያውም በደንብ የደረቀ እንጨት። ብቻ ውስጡ የተሰበረ ሚስማር እንዳይኖር ማግኔት አስኪድበት።

«ለምግብ ዕቃ ምን ልቀባው?» ከደብረ ሲና

ምንም ያልተጨመረበት የተልባ ዘይት፣ እህቴ። ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ ትርፉን ጥረጊ፣ ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል። ከዚያ በፊት በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍጊ እንዳታግይው፤ ወይራ ከጋለ ፊቱ ላይ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ያወጣል። የቀባሽበትን ጨርቅ ደግሞ ጠቅልለሽ ጥግ አትጣይ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፣ የተጨማደደ ጨርቅ ያለ ክብሪት ይነዳል። የኔው አንድ ጊዜ ፍቅፋቂ መሃል ሲጨስ ነው የደረስኩበት። ውጭ ዘርግተሽ ስቀይው።