ኮምፒውተር ላይ ያማረው የፎቶ ግሪድ ስልክ ላይ ለምን ይበላሻል?

የአንባቢያችን ጥያቄ ባጭሩ ይኸው፦ «14 ፎቶ ያለው ጋለሪ እየሠራሁ ነው። ኮምፒውተር ላይ በ3 ኮለም ቆንጆ ሆኖ ይታያል። ስልክ ላይ ግን ገጹ ወደ ጎን ይንሸራተታል። አንዳንዱ ፎቶም ተጨምቆ ሰው ሁሉ ቀጭን ይመስላል። ሚዲያ ኲሪ (በስክሪኑ ስፋት ልክ አቀማመጡን የሚቀይር ትእዛዝ) ስጨምር ስጨምር 6 ደረሰ። አሁንም አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። ፎቶዎቹን ስፋት 400፣ ቁመት 250 ፒክስል ብያቸዋለሁ። ምን ይሻለኛል?»

መጀመሪያ 6ቱንም ሚዲያ ኲሪ አጥፋቸው። ሚዲያ ኲሪ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ጥያቄህ ነው የተሳሳተው። አንተ «ስክሪኑ ስንት ነው?» እያልክ ነው። የስክሪን ዓይነት ደግሞ አያልቅም። «አንድ ፎቶ ከስንት ፒክስል ካነሰ አይታይም?» ብለህ ጠይቅ፤ የዚህ መልሱ አንድ ቁጥር ነው።

የሲኤስኤስ ኮዱን፣ ማለትም የገጹን መልክ የሚወስነውን፣ በቃል ነው የማስረዳህ፤ ኤዲተርህን ከፍተህ ተከተለኝ። ፎቶዎቹን የያዘውን ዲቭ (ሳጥን) ዲስፕሌይ ግሪድ በለው፣ ጋፑን (በፎቶዎቹ መሀል ያለውን ክፍተት) 16 ፒክስል አድርግ። ግሪድ-ቴምፕሌት-ኮለምስ ላይ ሪፒት ትጽፋለህ። ቅንፉ ውስጥ አውቶ-ፊል ይገባል፤ ቀጥሎ ሚንማክስ፣ ከ240 ፒክስል እስከ 1 ኤፍአር። ብራውዘሩን እንዲህ አልከው ማለት ነው፦ አንድ ኮለም ከ240 አይነስ፣ የተረፈውን ቦታ እኩል ተካፈሉ። ስንት ኮለም እንደሚገባ ራሱ ያሰላል። ግሪዱ 1200 ፒክስል ሲሰፋ 4 ኮለም ይገባል፤ እያንዳንዱ 288 ይሆናል። ግራና ቀኙ ተቀንሶ 328 ፒክስል የሚተርፈው ስልክ ላይ ግን 1 ብቻ።

14 ፎቶ በ1 ኮለም ሲደረደር ጣት ያደክማል። 240ውን ወደ 150 ብታወርደው ስልኩ ላይ 2 ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ 7 ጥቃቅን ፎቶ ተኮልኩሎ ታገኛለህ። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ሚዲያ ኲሪ የሚመለሰው እዚህ ጋ ነው። አንተ አትመለስ። በ240 ቦታ ማክስ የሚለውን ፈንክሽን አስገባና ሁለት ነገር ስጠው፦ አንደኛው 150 ፒክስል፣ ሁለተኛው ከ100 ፐርሰንት ላይ 48 ፒክስል ተቀንሶ ለ4 የተካፈለ። 48 ያልኩት በ4 ኮለም መሀል 3 ክፍተት ስላለ ነው፤ 3 ጊዜ 16። ብራውዘሩ ከሁለቱ ትልቁን ይወስዳል። ሰፊ ስክሪን ላይ ሁለተኛው ስለሚበልጥ ከ4 ኮለም አያልፍም። ጠባቡ ላይ 150ው ስለሚበልጥ ያ ስልክ 2 ኮለም ይይዛል። ይህቺን መስመር ካወቅኩ ወዲህ ለጋለሪ ሚዲያ ኲሪ ጽፌ አላውቅም።

አውቶ-ፊል እንጂ አውቶ-ፊት አላልኩም፣ ልብ በል። 14 ፎቶ ላይ ልዩነታቸው አይታይህም። አንድ ቀን 2 ፎቶ ብቻ ከቀረ ግን አውቶ-ፊት ባዶዎቹን ኮለሞች ያጠፋና ሁለቱን ፎቶ ግማሽ ግማሽ ስክሪን ያደርጋቸዋል።

አሁን ወደ ፎቶው እንምጣ። 400 እና 250 የሚሉትን አንሳቸው፤ ገጹን ወደ ጎን የገፋውም ፎቶውን የጨመቀውም እነሱ ናቸው። በምትኩ ስፋቱን 100 ፐርሰንት፣ ቁመቱን አውቶ፣ አስፔክት-ሬሾውን (የስፋትና የቁመት ምጣኔውን) 4 በ3፣ ኦብጀክት-ፊቱን ከቨር አድርግ። ፎቶው ሳይጨመቅ ሳጥኑን ይሞላል፤ ትርፉ ይቆረጣል። የሰው ጭንቅላት ከተቆረጠብህ ለዚያ ፎቶ ብቻ ኦብጀክት-ፖዚሽን ቶፕ በለው። መቆረጥ የሌለበት ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ ሥዕል ወይም ፖስተር፣ ከቨርን ፎቶውን ሙሉ በሚያሳየው በኮንቴይን ቀይረህ ከጀርባው ቀለም ስጠው።

ቁመቱን አውቶ ማድረግ እንዳትረሳ። እኔ በዚህ አንድ ከሰዓት ሙሉ ተንገላትቻለሁ። አስፔክት-ሬሾ ጽፌያለሁ፣ ፎቶዎቹ ግን እንደ ዘንግ ረዝመዋል። ለካ ኤችቲኤምኤሉ (ፎቶውን ገጹ ላይ የሚያስገባው ኮድ) ላይ ሃይት 3000 የሚል ነበር። እዚያ የተጻፈ ቁመት አውቶ ካልተባለ አስፔክት-ሬሾውን ዋጋ ያሳጣዋል። ከፎቶው ስር ቀጭን ክፍተት ከታየህ ደግሞ ምስሉን ዲስፕሌይ ብሎክ በለው። ብራውዘሩ ፎቶን እንደ ፊደል ስለሚቆጥረው ከመስመሩ በታች ቦታ ይተውለታል።

ይህን ሁሉ አድርገህ ገጹ አሁንም ወደ ጎን ከሄደ ጥፋተኛው ፎቶ ላይሆን ይችላል። ሲኤስኤስህ ላይ ኮከብ (*) ጽፈህ ለሁሉም ነገር ቀይ አውትላይን (የዙሪያ መስመር) ስጥ። ቦርደር አይደለም፤ ቦርደር ራሱ ቦታ ይይዛል። ከስክሪኑ ዳር የወጣው ሳጥን ወዲያው ይታይሃል። ብዙ ጊዜ ረጅም ሊንክ ወይም ሜኑ ነው። ስልኩ ላይ ሁሉም ነገር ባንዴ ጥቃቅን ሆኖ ከታየ ደግሞ የኤችቲኤምኤሉ ሄድ ውስጥ የቪውፖርት ሜታ ታግ (ገጹ በስልኩ ስፋት ልክ እንዲታይ የሚያዘው መስመር) መኖሩን እይ።

ያልጠየቅከኝን አንድ ነገር ልጨምር። ከካሜራ የወጣ 4000 ፒክስል ፎቶ በዚያ ስልክ ላይ 156 ፒክስል ብቻ በሚሰፋ ሳጥን ውስጥ ማስገባት የተመልካቹን ኢንተርኔት መብላት ነው። እያንዳንዱን ፎቶ በ400፣ በ800 እና በ1200 ስፋት አዘጋጅና በሰርስሴት (ብራውዘሩ የሚመርጥባቸው የፎቶ መጠኖች ዝርዝር) ዘርዝራቸው። ፎቶው ስክሪኑ ላይ ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚናገረውን ሳይዝስን ግን አትተው። እሱ ከሌለ ብራውዘሩ ፎቶው ሙሉ ስክሪኑን የሚሞላ መስሎት ትልቁን ሊያወርድ ይችላል። ላንተ ግሪድ፣ ስክሪኑ 680 ፒክስልና ከዚያ በላይ ከሆነ 25 ቪደብሊው (የስክሪኑ ስፋት 25 ፐርሰንት)፣ ካልሆነ 50 ቪደብሊው በለው። ግምት ቢሆንም ይበቃል።

ፎቶው ሊታይ ሲቃረብ ብቻ እንዲወርድ የሚያደርገውን ሎዲንግ ሌዚንም ከታች ላሉት ፎቶዎች ብቻ ስጥ። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ካደረግከው ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ መታየት ያለበት ፎቶ ይዘገያል።